የሚያዝያ ሹራብ

ሚያዝያ ሲገባ አብደራፊ ላይ ከሙቀቱ የተነሣ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ነው የምትውለው። ባየሽ ግን በራፏ ላይ ቁጭ ብላ የሱፍ ሹራብ ትሠራለች። ያያት ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ የሚስቅባት የለም።

አንድ ልጇ ደሞዝ ፈረንጅ አገር እገባለሁ ብሎ በሱዳን በኩል ወጥቶ ነበር። ገዳሪፍ አጠገብ ያሳፈረው መኪና ተገልብጦ ልጁ ሞተ። አብሮት የነበረ ልጅ ስልክ ደውሎ የነገረው ለመምህር ውባንተ ነው። ውባንተ የባየሽ ተከራይ ነው፤ ደሞዝንም ሳይንስ አስተምሮታል።

ሽማግሌዎች መከሩ። «ሬሳው ድንበር ሳይሻገር መርዶ አይነገርም፤ ሬሳ የሌለው ለቅሶ እናት ይገድላል» አሉ። እስከዚያ ልጁ በረዶ አገር ገብቷል ብሎ መዋሸቱ ለውባንተ ደረሰው። አንድ ቀን እንደምንም ተናገረው። ከዚያ ወዲህ ባየሽ ደወለ ወይ ብላ ጠይቃው አታውቅም። የምትጠይቀው ሌላ ነው።

«መምህር፣ በረዶ ላይ የሚኖሩት አራዊት ብርዱን እንዴት ይችሉታል?»

«ነጩ ድብ ከቆዳው ሥር ወፍራም ስብ አለው፣ እትዬ። ጠጉሩም ድርብ ነው።»

«ስብ የሌለውስ? ደሞዜ አጥንቱ ብቻ እኮ ነው።»

«ቀበሮው ጭራውን አፍንጫው ላይ ጠቅልሎ ይተኛል። ጠጉራም በሬ የሚመስሉም አሉ፤ ውርጩ ሲበረታ ተጠጋግተው ጥጆቹን መሀል ያስገባሉ።»

«ብቻውን የተኛውስ?»

«እሱማ ሹራብ ይፈልጋል» አላት፤ ሌላ ምን ይበል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ወደ ክፍሉ ገባና አለቀሰ። ምስኪን፣ ለሞተ ልጅ ሹራብ ትሠራለች!

ሹራቡ እያደር ሞላ። እጅጌው አለቀ፤ አንገቱ አለቀ። ጀርባው ግን ከላይ እስከ ታች ክፍት ነው፤ ማሰሪያ ብቻ አበጅታለታለች።

«ይኼ አልተገጠመም እኮ፣ እትዬ» አላት።

«እንዲህ ይቀላል» አለችው።

መርዶውን ባይነግሯትም ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷታል ብሎ አዘነላት።

የሬሳው ማስወጫ ወረቀት እንዳለቀ ከገዳሪፍ ሆስፒታል ወሬው መጣ። ሬሳውን ከሚያመጡት ጋር ውባንተም እንዲሄድ ተወሰነ። ማለዳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲወጣ ባየሽን በር ላይ ቆማ አገኛት።

«ለስብሰባ ጎንደር ደርሼ ልምጣ፣ እትዬ» አለ፤ ዐይኗን ማየት አልቻለም።

ባየሽ ሹራቡን አጣጥፋ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ከበረዶው ክፍል ስታወጡት በፊት ለፊት አልብሱትና ከኋላ እሰሩለት፤ የደረቀ ክንዱን አታጥፉብኝ።»