ቆሻሻ የሚሰርቀው ሌባ

«ቲቸር... ቆሻሻዬን ሰረቁኝ!»

ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው...

ተናጋሪዋ የስድስተኛ ክፍሏ «ጉንዳን» ናት። ከቁመቷ ምላሷ ይረዝማል።

የትምህርት ቤቱ የጽዳት ክበብ ወንዙን ለልጆቹ ሃምሳ ሃምሳ ሜትር አካፍሏል። ሁሉም ከድርሻው የለቀመውን ቆሻሻ አርብ አርብ በማዳበሪያ ያመጣል፤ ቲቸር በሚዛን ትመዝናለች።

ሦስት ሳምንት ባዶ እጁን የመጣ ከክበቡ ይሰናበታል!

ጉንዳን ሁለት ሳምንት ዜሮ አምጥታለች...

የሌላው ድርሻ የላስቲክ ተራራ ነው። የእሷ ግን እንቁራሪቶቹ እንኳ እግራቸውን ጠርገው የሚገቡበት ሳሎን ሆኗል።

«ሰነፍ ሁልጊዜ ሌባ አያጣም» አለ የክፍሉ አለቃ።

«ምላስህን ሰብስብ! ሌባውን እይዘዋለሁ!»

አርብ ጎህ ሲቀድ ከቁጥቋጦ ጀርባ አደፈጠች...

አንድ ሰው ማዳበሪያ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ። ከድንጋይ ስር ፌስታል ሲያወጣ... የተኛ ሕፃን የሚያነሳ ነው የሚመስለው።

«ያዝኩህ!»

ሰውየው ዞረ...

አያቷ ናቸው! ከአልጋ ለመውረድ ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው አያቷ!

«አባባ?! በአንተ ምክንያት ልባረር ነው እኮ! የለቀምነው ይመዘናል!»

አያት ክው አሉ።

«ይመዘናል እንዴ? አላወቅኩም ልጄ...»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ማቅለሚያ ፋብሪካው እዚህ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተረፈውን ቀለም በባልዲ ወንዙ ውስጥ የምደፋው እኔ ነኝ። ሰኞ ቀይ... ማክሰኞ ሰማያዊ... ዓሦቹ ልብስ የሚቀያይሩ ይመስሉ ነበር። በኋላ ዓሣም አልተረፈም።»

ያወጡትን ፌስታል ማዳበሪያው ውስጥ ከተቱ።

«ድርሻዬ የድሮው ፋብሪካ ጋ ነው ስትዪኝ... እኔ ያቆሸሽኩትን አንቺ ጎንበስ ብለሽ ስትለቅሚ ቆሜ ልመለከት ነው? አፈርኩ።»

ጉንዳን መጥታ አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች...

«በይ እንኪ ማዳበሪያውን፤ የኔ ነው በያቸው።»

በአንድ እጇ ማዳበሪያውን፣ በሌላው አያቷን እየጎተተች ክፍል ገባች።

«ቲቸር... ሌባው ተይዟል። ግን የለቀመው እሱ ስለሆነ ለእኔ እንዳይመዘን።»

ሦስተኛ ዜሮ... በገዛ አፏ!

ቲቸር የሆነውን ሁሉ ሰማች። ሚዛኑን አንስታ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ልጆች። ወንዙ ለጸዳለት ሳይሆን ቆሻሻ ለበዛለት ሳጨበጭብ ከረምኩ። ጉንዳን የትም አትሄድም።»

የክፍሉ አለቃ እጁን አወጣ።

«ጋሼ... ነገ ወደ ወንዙ ስንት ሰዓት ነው የሚወርዱት?»

«ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል... ምነው?»

በማግስቱ አርባ ልጅ ወንዙ ዳር ተሰልፎ ሲያዛጋ፣ ከተማው ላይ ነፋስ ተነሳ!

አያት ግን አላዛጉም... ፊታቸውን አዙረው እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

ወዳጆቼ... ጥፋት ያረጃል፤ ለማስተካከል ግን ያረጀ ሰው የለም። ያጠፋነውን እኛው ካላነሳነው፣ ጎንበስ የሚሉት ልጆቻችን ናቸው።

እናንተስ... ለልጆቻችሁ ሳይተርፍ ዛሬውኑ ልታነሱት የምትፈልጉት የድሮ ጥፋት የቱ ነው? እስቲ ኮሜንት ላይ አጫውቱን...