የማክሰኞ የንግግር ጓደኛ

የውጭ አገሯ ተማሪ ከቋንቋ ትምህርት ቤቷ ያመጣችውን ቅጽ ሊፈርም ያጎነበሰው ልብስ ሰፊ፣ ብዕሩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቋንቋ እንድትለማመድ ብሎ በየማክሰኞው ስንቱን ደንበኛ እያስጠበቀ፣ ባሕር ቀለም ቢሆን የማይጨርሰውን ወሬ አውርቶላት ነበር፤ ለሰፈሩም «አንደበቷን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ ናት» ብሎ ነዝቷል። ቅጹ ግን «ሌላ የንግግር ጓደኛ ይፈለግልኝ፤ እሳቸው ስምንት ወር ሙሉ አንድም ነገር አልጠየቁኝም» ይል ነበር።

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ፣ አለ በሆዱ። «እኔን የሚተካ በሰባት አገር ካገኘሽ ጢሜን እላጫለሁ» ብሎ ፈረመና ሊያሳፍራት ፈለገ። «እሺ፣ ይኸው ጠየቅኩሽ። እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ባለፈው ወር ሞተች፣ ጋሼ። የሰማሁ ዕለት ልነግርዎ ስመጣ፣ ለሚኒስትር ስለሰፉት ካፖርት ጀመሩልኝ።»