እጅን የሚያዙት ሴሎች

ውዳሴ ከተቀበረች ወዲህ እናቷን እንቅልፍ የነሳት አንድ ጥያቄ ነበር። ልጅቷ በሕፃንነቷ ታዝላ ሳለ ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታለች፤ በአሥራ አራት ዓመቷ እጇን ያዛለው፣ በኋላም የገደላት ያ ውድቀት ቢሆንስ? ይህን ለማወቅ ስትል ነው ከዘመድ ተደብቃ የልጇ አንጎል እንዲመረመር የፈረመችው።

ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አሳያት። "እነዚህ ባለ ሦስት ማዕዘን ትልልቅ ሴሎች ናቸው እጅን የሚያዙት። ይኼ የጤነኛ ሰው ነው። ይኼኛው የእሷ ነው፤ አልቀው ቦታቸው ባዶ ቀርቷል።"

"ወድቃ ነው? አይደብቁኝ ዶክተር፤ ለክፉው ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት።"

"አይደለም እናቴ። በሽታው በራሱ የመጣ ነው። እርስዎ ምንም አላጠፉም።"

"ተመስገን!" ብላ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

"መቼ እንደጀመራት ለማየት ደብተሯን ያምጡ ብዬዎት ነበር። መጀመሪያ የሚያስቸግረው ጣት ነው፤ እስክሪብቶ እንኳ አልያዝ ይላል።"

ልጅቷ ከሞተች ወዲህ ገልጣው የማታውቀውን ደብተር ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው።

መስከረም ላይ ያማረው ጽሕፈት ኅዳር ላይ ተንጋዷል፤ ጥር ላይ ፊደል ከፊደል አይለይም። በየጽሑፉ መጨረሻ በቀይ እስክሪብቶ "ሰነፍ! አሥር ጊዜ ደግመሽ ጻፊው" ተብሏል። ከሥሩም አሥር ጊዜ ተጽፏል።

"አስተማሪዋ ምን ዓይነት ጨካኝ ናት!" አለ ሐኪሙ።

"አስተማሪዋ አይደለችም" አለች እናትየው፣ ቀዩን ጽሕፈት በመዳፏ እየሸፈነች።