የወንድም ዋስትና

የዱቄት ፋብሪካው ለጥበቃ ሥራ ዲግሪ ያለው ሰው አይቀጥርም። «ተመራቂ አይበረክትልንም፤ የተሻለ ሲያገኝ ጥሎን ይሄዳል» ይላሉ የሠራተኛ ኃላፊዋ ወይዘሮ አሰገደች። ስለዚህ ከተመረቀ ወዲህ ሥራ አጥቶ የከረመው ልጅ «አስረኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት» ብሎ ዋሻቸው። አመኑት። የቀረው ደመወዝ ያለው ዋስ ማምጣት ብቻ ነበር።

ደመወዝ ያለው ዘመዱ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ደምሰው ብቻ ነው። ደምሰው እሱን ላስተምር ብሎ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ሾፌር የሆነ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «መመረቄን ደብቅልኝ» ማለት እንዴት ይቻላል? ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ሲል ቀኑ ደረሰ።

ደምሰው የሠርግ ሱፉን ለብሶ መጣ። ፈረመ። ወይዘሮ አሰገደች ማህተሙን አንስተው፣

«ለመሆኑ ጠባዩ እንዴት ነው?» አሉት።

ደምሰው ከደረት ኪሱ ፎቶ አወጣ። ወንድሙ ጋዋን ለብሶ፣ አበባ ታቅፎ ይስቃል።

«በማዕረግ የተመረቀ ልጅ እኮ ነው፣ እትዬ። እንዲህ ያለ ዘበኛ ከየት ይገኛል?»

ወይዘሮ አሰገደች ፎቶውን አዩት። ማህተሙንም ቀስ ብለው ወደ መሳቢያው መለሱት።

ደምሰው ወደ ወንድሙ ጆሮ ጠጋ አለ።

«አይዞህ፤ አሁንማ እምቢ አይሉህም።»