አዲሱ ኮምፒውተር

«ሦስት ጊዜ ልኬልዎታለሁ እኮ፣ አቶ ደጀኔ።»

«አንድም አልደረሰኝም አልኩሽ። ለናይሮቢው የመዝገብ አያያዝ ሥልጠና ያመለከተችው ዘርትሁን ብቻ ናት። ዛሬ ፈርሜ እልካለሁ።»

«ታዲያ የኔን ኢሜይል አይጥ በላው?»

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከበሩ አልተነቃነቀችም። ይህን ሥልጠና ስትጠብቅ አራት ዓመት ሆኗታል። የኃላፊው ጸሐፊ ዘርትሁን የሚፈረመውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከጎናቸው ቆማለች።

የኮምፒውተር ባለሙያው ከጠዋት ጀምሮ የኃላፊውን ኢሜይል ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ሲያዛውር ነበር። አሁን ቀና አለ።

«ጋሼ፣ የቆዩት መልእክቶች እንደገና እየወረዱ ነው። የእሷ ሦስቱም አሉ።»

«እስከ ትናንት ያልነበረ ዛሬ ከየት መጣ?»

«ዋናው ሰርቨር ላይ ቅጂያቸው ቀርቶ ነበር። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ግን ከእሷ አድራሻ የሚመጣው ሁሉ ወዲያው እንዲሰረዝ ታዞ ነበር። ትእዛዙ ወደ አዲሱ አብሮ አልተሻገረም። እርስዎ ነዎት ያዘዙት?»

«እኔ መች ኮምፒውተር ነክቼ አውቃለሁ? ደብዳቤውን ሁሉ ዘርትሁን ከፍታ፣ አትማ በክላሰር ነው የምታቀርብልኝ።»

እስክሪብቷቸው ከወረቀቱ በላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከዚያም አስቀመጡትና መነጽራቸውን አደረጉ። ሠራተኛዋም መጥታ ከኋላቸው ቆመች። አቶ ደጀኔ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ከስክሪኑ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

ዘርትሁን ቦርሳዋን ከወንበሯ ላይ አነሳች፤ በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች።