ስሟ የገባበት ቀን

ኸዲጃ ሰማያዊ የጽዳት ካፖርት በዐባያዋ ላይ ደርባ የስድስተኛ ክፍልን ወለል ትጠርጋለች። ልጆቹ ይስቃሉ። ዓመቱን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረቻቸው መምህርት መጥረጊያ ይዛ ስትገባ ጨዋታ መስሏቸዋል፤ እግራችሁን አንሱ ብትል ማን ይስማት። የፊት ወንበሯ ሃዲል ብቻ አትስቅም። ተነስታ መጥረጊያውን ልትቀበል እጇን ትዘረጋለች።

«ኡስታዛ፣ ይስጡኝ እኔ ልጥረግ።»

«ተቀመጪ ያ ቢንቲ፣ ተቀመጪ ልጄ። ዛሬ ኡስታዛ እንዳትሉኝ አላልኩም?»

መዝገቡ ላይ የዚህ ክፍል መምህርት ራኒያ ናት። ራኒያ ግን ክሬተር ሰፈር ሙሽሮች ስትኩል ነው የምትውለው፤ ኸዲጃ በሷ ስም ታስተምራለች፣ ደመወዙን ይካፈላሉ። ኤደን ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለችው ሴት «በዲላ» ትባላለች፣ ምትክ ማለት ነው። ዘበኛው ያውቃል፣ ወላጆች ያውቃሉ። የማያውቀው የወረዳው መዝገብ ብቻ ነው።

በዓመት አንድ ቀን ከወረዳው ተቆጣጣሪ ይመጣል። ያን ቀን ራኒያ ትመጣለች፣ ኸዲጃ ቤቷ ትውላለች። ዘንድሮ ግን ለዳይሬክተሯ ለሙዲራ ሻዲያ ሌላ ዘዴ መጣላት። ልጆቹ ኸዲጃን ካላዩ ይረብሻሉ፤ ትምህርት ቤቱም የሚጠርግለት ፈራሻ የለውም። ስለዚህ ካፖርቱን አመጣችላት።

«ዛሬን በሰላም እንለፍና፣ ወላሂ ስምሽን የወረዳው ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ አስገባዋለሁ» አለቻት።

ኸዲጃ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አላት። ግን አባቷ የኤደን፣ እናቷ የደሴ ናቸው፤ እንዲህ የተወለደውን «ሙወለድ» ይሉታል፣ ወረቀቱም ሁልጊዜ አንድ ማኅተም ይጎድለዋል። ስድስት ዓመት ስሟ የትም ሳይጻፍ አስተማረች። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይሉ ነበር እናቷ። ሞኝነቷ አልጠፋትም፤ ካፖርቱን ግን ለበሰችው።

ተቆጣጣሪው ኡስታዝ ፋይሰል መዝገቡን ታቅፎ ይገባል። ራኒያ ከኋላው ናት፣ ሽቶዋ ከፊቱ። መብራት ስለሌለ ማራገቢያው ቆሟል፤ ከቢር ፈድል እርሻዎች በኩል አቧራ በመስኮት ይገባል። ኸዲጃ በሩ አጠገብ መጥረጊያዋን ይዛ ትቆማለች።

ፋይሰል ከአንዱ ልጅ ደብተር ላይ እያነበበ፣ «እስቲ ይቺን ሥሪላቸው፤ ሁለት ሦስተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ» ይላታል ራኒያን።

ራኒያ ጠመኔውን እንደ ኩል ትይዘዋለች። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምራ ሦስት ሰባተኛ ብላ ትጽፋለች። ኸዲጃ መጥረጊያውን ጨብጣ ጥርሷን ትነክሳለች። ይቺን ስህተት ከልጆቹ ጭንቅላት ለማውጣት ሁለት ወር ፈጅቶባታል።

«ማሻአላህ» ይላል ፋይሰል፣ ሰሌዳውን በቅጡ ሳያይ።

ሃዲል ትነሳለች። «ስህተት ነው። ኡስታዛችን እንደዚህ አላስተማሩንም።»

«ኡስታዛሽ ማን ናት?»

ልጅቷ ወደ በሩ ትጠቁማለች።

የሚስቅ ልጅ የለም። ፋይሰል ዞሮ ካፖርቱን ከላይ እስከ ታች ያየዋል። «አንቺ ነሽ የምታስተምሪያቸው?»

ሙዲራ ሻዲያ ከጀርባው ከንፈሯን ነክሳ ኸዲጃን ታያታለች። አዎ ካለች በሰው ስም ስትሠራ የኖረች ወንጀለኛ ናት። አይደለሁም ካለች ስሟ ይገባል።

«ላ ያ ኡስታዝ። እኔ ፈራሻ ነኝ።»

«ልጅቷ መልሱ ስህተት ነው ትላለች።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምን አውቄ።»

ሃዲል የጠቆመችበትን ጣት ታጥፋለች።

«እንግዳ ፊት ውሸት!» ትጮኻለች ሻዲያ ሃዲል ላይ። «ኸዲጃ፣ ዱላውን አምጪ!»

ዱላው ያለበትን የምታውቀው ኸዲጃ ብቻ ናት። መጀመሪያ የመጣች ቀን፣ እዚህ ክፍል ልጅ አይመታም ብላ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የወረወረችው እሷ ናት። ትሄዳለች፣ ጎትታ ታወጣዋለች፣ አቧራውን በካፖርቷ ጠርጋ ለራኒያ ታቀብላታለች። ራኒያ አራት ጊዜ ትመታለች። ሃዲል አታለቅስም። መዳፏን እንደዘረጋች የምታየው ራኒያን አይደለም፣ ኸዲጃን ነው። ኸዲጃ አፍራ ወደ መጥረጊያዋ ትመለሳለች።

ፋይሰል ሊወጣ ሲል ወለሉን ያያል። «ንጹሕ ነው። ዘንድሮ መምህር አንቀጥርም፣ ፈራሻ ግን አንድ ቦታ አለኝ። ሙሉ ስምሽ ማነው?»

ኸዲጃ ሻዲያን ታያለች። ሻዲያ በአገጯ ቶሎ በይ ትላታለች።

«ኸዲጃ... ኸዲጃ ሙሂዲን።»

ፋይሰል ወረቀት አውጥቶ ይጽፋል። ቀጥሎ ፊርማ ነው፤ እሷም ሳታስበው እጇን ወደ እስክሪብቶው ትሰዳለች። «ፊደል አልቆጠርኩም አላልሽም?» ብሎ የቀለም ሳጥኑን ይከፍትላታል። አውራ ጣቷን ይዞ ቀለሙ ውስጥ ይነክራል፣ ከስሟ አጠገብ ይጫነዋል። እሷ ባረመችው ደብተር ላይ ነው ወረቀቱን ያስደገፈው።

እሱና ራኒያ ሲወጡ ሻዲያ ጆሮዋ ስር ትጠጋለች። «አየሽ፣ ቃሌን አከበርኩ። አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ።»

«ሒሳቡንስ ነገ ማን ያስተምራል?»

«አንቺ ነሻ! ጠዋት ትጠርጊያለሽ፣ ከዚያ ታስተምሪያለሽ። ምን ተለወጠ?»

በሩ ይዘጋል። ራኒያ የጣለችው ጠመኔ ወለሉ ላይ ተሰባብሯል። ኸዲጃ ጎንበስ ብላ መጥረግ ትጀምራለች፤ የፊት ወንበር ጋ ስትደርስ ቀና ማለት ያቅታታል። ሃዲል የቀላ መዳፏን ብብቷ ውስጥ እንደያዘች፣ ቀና ብላም ሳታያት፣ ሁለት እግሯን ከወለሉ አነሳች፤ መጥረጊያው እስኪያልፍም አንስታ ቆየች።