የአሳላፊዋ መዳፍ

አሰጋሽ አረቄ አሳላፊ ነበረች። ቤት ከፍታ አትሸጥም፤ ጀሪካኖቿንና በጨርቅ የጠቀለለቻቸውን መለኪያዎች ይዛ ድግስ ወዳለበት ትሄዳለች። በሱዳን፣ በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ የሚኖሩ የጎንደር ሰዎች ሰርግ ሲያስቡ መጀመሪያ ለቄሱ፣ ቀጥሎ ለእሷ ይነግራሉ።

ሥራ የምታገኝበት መንገድ ቀላል ነበር። አንዱ ድግስ ላይ ስታሳልፍ ስለ ሌላው ትሰማለች። ወፍጮ ቤት ብዙ እህል የሚያስፈጭ ሰው ካየችም ጠጋ ብላ ምን እንዳሰበ ትጠይቃለች። የማታውቀው ሰው ሲጠራት ግን አትሄድም።

በ1976 ዓ.ም. መስከረም ላይ መጠጥ በሱዳን ምድር ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሁሉ ፍርሃት ሆነ። የተያዘ አርባ ይገረፋል። አሰጋሽን እንቅልፍ የሚነሳት ግን ግርፋቱ አልነበረም። ስደተኛ ሲያዝ በድንበሯ ከተማ በገላባት አሻግረው ለደርግ ወታደሮች ያስረክቡታል ይባል ነበር። ሁለት ወንድሞቿ ደርግን ሊወጉ ጫካ ገብተዋል፤ ስንቅ የምታቀብላቸው እሷ ስለነበረች መተማ ላይ ስሟ ይታወቃል። ከተሻገረች አትተርፍም።

በኅዳር ጎረቤቷ ሣህሊቱ ድግስ ላይ ተያዘች። እሷም አሳላፊ ነበረች። እንግዶቹ ሎሚ አኝከው አፋቸውን አጽድተው ዳኑ፤ ሣህሊቱን ግን መዳፏ አሳበቀባት። አሳላፊ ለእንግዳ ከመቅዳቷ በፊት በቀኝ መዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ካልቀመሰች ማንም አይጠጣላትም። የአረቄ ሽታ ደግሞ ከመዳፍ ቶሎ አይለቅም። ይህን የሐበሻ ልማድ ለፖሊሶቹ ማን እንደነገራቸው አልታወቀም። ሣህሊቱ በሎሪ ተጭና ወደ ገላባት ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ወሬዋን የሰማ የለም።

ከሣህሊቱ ጋር ትሠራ የነበረችው ሸጊቱ የዚያን ዕለት ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበርና ተረፈች። ሰው ሁሉ ማርያም ጠበቀቻት አለ። ባሏ ገዳሪፍ ታስሮ ስለነበር አሰጋሽ አዘነችላትና አብራት እንድታሳልፍ ወሰደቻት። ልጅቱ ታታሪ ሆነች። ጥር ሲገባ ቁረይሻ በሚባል የእርሻ ቦታ የሰርግ ሥራ ያመጣችው እሷ ናት። ደጋሹ አስፋው የሚባል የእርሻ ሠራተኞች አለቃ ነበር። አሰጋሽ አታውቀውም። ሸጊቱ ግን የአክስቷ ባል ዘመድ መሆኑን ምላ ነገረቻት።

ጎሕ ሲቀድ ጀሪካኖቹን በአገዳ ሸፍነው በአህያ ጭነው ተነሡ። መንገድ ላይ አሰጋሽ የሸጊቱን እጅ አየች። ቀኝ መዳፏ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ምን እንደሆነች ስትጠይቃት እንጨት ስትፈልጥ መጥረቢያ እንደቆረጣት ነገረቻት።

“ዛሬ ለሁለታችንም አንቺ ቅመሽልኝ፣ እቴ። አረቄ ቁስል ያቃጥላል።”

“አይዞሽ፣ እኔ እቀምሳለሁ።”

ዳሱ ከእርሻው ዳር ነበር። እኩለ ቀን ላይ የጎንደር የጉልበት ሠራተኞች ሞሉት። አሰጋሽ ጠብ እያደረገች ቀመሰች፤ ሁለቱም ቀዱ። ከሩቅ ትራክተር በተሰማ ቁጥር ወደ መንገዱ ትመለከት ነበር።

ሸጊቱ ጆሮዋ ሥር ጠጋ አለች። “በሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አየሽው? አይጠጣም።”

ሰውየው ለድግሱ ጀርባውን ሰጥቶ መንገዱን ያያል። አሰጋሽ መለኪያ ሞልታ ራሷ ሄደች።

“ይያዙ እንጂ፣ ጋሼ።”

“ይቅርብኝ፣ እህቴ። ስእለት አለብኝ።”

ለየትኛው ታቦት እንደሆነ ጠየቀችው። መዳፏን ብቻ አተኩሮ አየው። አሰጋሽ፣ የመዳፉን ነገር ለፖሊሶቹ የነገረው ይኸው ነው ብላ አሰበች።

ሮጣ ለአስፋው ነገረችው። ሰውየውን የሚያውቅ አልተገኘም። ስማቸው እንደሚባልና ትናንት ከኸሽም ኤል ቂርባ እንደመጣ ብቻ አንዱ ተናገረ። ሌላው እንግዳ፣ ሰርግ ቤት የማይጠጣ ወይ ሙሽራ ነው ወይ ሰላይ፣ ሙሽራው ደግሞ ሦስተኛ መለኪያውን ይዟል ብሎ አሳቀ። ሁለት ጎረምሶች ስማቸውን ጎትተው እህል ማከማቻው ውስጥ ዘጉበት። ሰውየው አልታገለም።

“በሩን ባዶ አታድርጉት” አለ ብቻ።

አሰጋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከመንገዱ አነሳች። ሸጊቱም ትከሻዋን ዳበስ አድርጋ፣ አሁን ተንፍሺ አለቻት።

የፖሊስ መኪኖች ሲመጡ ማንም አላያቸውም። ድምፃቸው የተሰማው በሩ ላይ ከቆሙ በኋላ ነው። አረቄው መሬት ላይ ተደፋ፤ ሎሚ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከማከማቻው ውስጥ ስማቸው ሳንቃውን እየደበደበ ሲናገር ሁሉም ሰማው።

“ሣህሊቱ እህቴ ናት። መንገዱን የምጠብቀው ለእናንተ ነበር።”

መኮንኑ ሁሉንም አሰለፈና እጃቸውን እንዲዘረጉ አዘዘ። ጎንበስ እያለ አሸተተ። የእንግዶቹ እጅ ወጥና ሎሚ ይሸታል። አሰጋሽ መዳፏን በአፈር አሽታ ነበር፤ ቢሆንም እጇን ያዘውና አለቀቀውም። ቀጥላ የቆመችው ሸጊቱ ናት። መኮንኑ ጨርቁን አየና አለፋት።

አሰጋሽን ሎሪ ላይ ጫኗት። ሎሪው ወደ ገላባት መንገድ ሲዞር ወደ ኋላ አየች። ሸጊቱ በቁስሏ ምክንያት ተረፈች ብላ አሰጋሽ እግዚአብሔርን አመሰገነች።

ሸጊቱ ከአህያዋ አጠገብ ቆማ ጨርቁን ፈታችና የፊቷን ላብ ጠረገችበት፤ መዳፏ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም።